በሦስተኛው አዳራሽ የተነበበው ጸሎት

ክር ቋጣሪዋ የሽመና ፋብሪካውን ግቢ ሩጫ ለመሆን ጥቂት በቀረው እርምጃ ታቋርጣለች። በአንድ እጇ ሻሿ ላይ የሰፈረውን የጥጥ ብናኝ ታራግፋለች፣ በሌላው የሽርጧን ጫፍ ሰብስባ ይዛለች። ከኋላዋ ክር ጠምጣሚዋ በከባድ ገላዋ እያለከለከች ትከተላታለች።

«ቀስ በይ እንጂ። ሊሾሙሽ የጠሩሽ መሰለሽ?»

«ለምን እንደጠሩኝማ አውቃለሁ።»

«ካወቅሽማ ምን ያስሮጥሻል? ለእንዲህ ያለው ነገር ሰው እግሩን ይጎትታል።»

ቋጣሪዋ እርምጃዋን አላዘገየችም። ይህን ቀን ዓመት ሙሉ ስትጠብቀው ኖራለች። እግሯን የምትጎትትበት ምክንያት አልታያትም።

ፋብሪካዎችን የወረሰው አዋጅ ከወጣ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ባለቤቱ አንድ ሻንጣ አንጠልጥሎ ከሸሸ ወዲህ ፋብሪካው የሕዝብ ተብሏል፤ ትናንት «ጌታዬ» የተባለው ሁሉ ዛሬ «ጓድ» ነው። በየአዳራሹ በር ላይ በጽሕፈት መኪና የተመታ ወረቀት ተለጥፏል፤ በሥራ ሰዓትና በሥራ ቦታ ጸሎት ማድረስ ክልክል ነው ይላል። ወረቀቱ የተለጠፈ ሰሞን ሰው ስቆ ነበር። «በሆዴ ብጸልይስ፣ ሆዴን ሊበረብሩት ነው?» ተብሎ ተቀልዶ ነበር። ኋላ ከማቅለሚያ ክፍል አንዱ ሲወሰድ ሳቁ ቆመ። የሚወሰደው በረሃው ዳር ወዳለው የጥጥ እርሻ ነው። ጎልማሳ ከሆነ በዓመቱ ቆዳና አጥንት ሆኖ ይመለሳል። ዕድሜው ከስልሳ ያለፈ ሰው ግን ከዚያ ሲመለስ ያየ የለም።

የቋጣሪዋ አማት ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነበር።

ቢሮው ውስጥ የጠበቃት የፋብሪካው ኮሚቴ ሊቀመንበር ድሮ የመጋዘን ጸሐፊ ስለነበር ዛሬም እርሳሱን ጆሮው ላይ መሰካት አልተወም። ከጎኑ የአዳራሹ ካቦ ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። የካቦውን አንድ ዓይን ሞራ ከሸፈነው ቆይቷል።

«ጓድ ቋጣሪ፣ ተቀመጪ።»

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«ስለ ከንፈሮ ነው። አማትሽ ናት አሉ።»

«የሟቹ ባሌ እናት ናት።»

«ያው አማት ማለት አይደለም እንዴ?»

«እሱ ከሄደ እኔን ከሷ ጋር ምን ያዛምደኛል?»

ሊቀመንበሩ ወደ ካቦው ዞር ብሎ ፈገግ አለ፤ የሚፈልገውን ሰው እንዳገኘ ገብቶታል። «ሥራ ላይ እንደምትጸልይ ሁሉም ያወራል፣ ሁሉም ደግሞ አላየሁም ይላል። ከክልሉ ጽሕፈት ቤት እስከ ቅዳሜ አንድ ስም ላኩ ተብለናል። ዛሬ የሽመና መኪናዋ ድር ያልቃል። አንቺ ገብተሽ ትቋጥሪያለሽ። ፊቷን ፊት ለፊት የምታዪበት ቦታ ያ ብቻ ነው። ከንፈሯ የሚለውን አንብበሽ በሠራተኛው ፊት ትናገሪያለሽ።»

ካቦው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ሴትዮዋ ሠላሳ ዓመት የሠራች ናት። ከንፈሯ ቢንቀሳቀስም እጇ ቆሞ አያውቅም።»

«አንተ በአንድ ዓይንህ ያላየኸውን በሁለት ምላስ አትመስክር» አለው ሊቀመንበሩ። ከዚያ ወደ ቋጣሪዋ ተመለሰ። «ትችያለሽ?»

«እችላለሁ» አለች።

ሦስተኛው አዳራሽ መቶ ሃያ የሽመና መኪና ነበረው። ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲነሱ ወለሉ ከእግር ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ጥርስ ከጥርስ ይጋጫል፣ አጠገብህ መድፍ ቢተኮስ አትሰማም። አዲስ ገቢ የመጀመሪያውን ሳምንት ሲጮህ ውሎ ጉሮሮው ተዘግቶ ይገባል። በሁለተኛው ወር መጮህ ይተዋል። በሦስተኛው ዓይኑ ጆሮ ይሆናል። በዚያ አዳራሽ ሐሜቱም፣ ስድቡም፣ «ምሳ ቋጥረሻል?» የሚለውም በከንፈር ነው። ሚስጥር ያለው ሰው ሻሹን ወደ አፉ ይስባል ወይም ጀርባውን ይሰጣል።

አሮጊቷ ከንፈሮ የተባለችው ፊት ለፊቷ ማንም ሳይኖር ከንፈሯ ስለማያርፍ ነው። መኪናዋ በመጨረሻው ረድፍ ግድግዳ ተጠግታ የቆመች ናት። በግድግዳውና በመኪናዋ መካከል ያለው ቦታ አንዲት ሴት ቁጢጥ ብትልበት ሌላ ሰው አያስገባም። ድሩ ሲያልቅ ቋጣሪ እዚያ ገብታ የአዲሱን ድር ጫፍ ከአሮጌው ጫፍ ጋር አንድ በአንድ ትቋጥራለች። ሁለት ሺህ ክር ነው። ሸማኔዋ በወዲያ በኩል ቆማ ክሮቹን እየለየች ታቀብላለች። ያቺ መኪና ትቆማለች፣ ሌሎቹ መቶ አሥራ ዘጠኙ ግን አይቆሙም። የሁለቱ ሴቶች ፊት በክንድ ርቀት ይፋጠጣል፤ በመካከላቸው ያለው የክር መጋረጃ ብቻ ነው።

እንደዚያ ሆነው ባለፈው አንድ ዓመት አሥራ አንድ ጊዜ ቋጥረዋል። አሥራ አንዱንም ጊዜ ቋጣሪዋ ዓይኗን ከጣቶቿ አላነሳችም። በአፏ እንደ ወጉ «እርስዎ» ትላታለች፣ መንገድ ላይ ሲገናኙ ቀድማ እጅ ትነሳለች፣ ሰው እንዳያማት። በልቧ ግን «እሷ» ካለቻት ቆይታለች። የዚያችን ሴት ከንፈር ማየት የሆዷን ቁስል በጥፍር እንደ መቧጨር ነበር።

ባሏ ቺንጋ ጠጋኝ ነበር፤ መኪናዎቹን የሚያዞረው የቆዳ ቀበቶ ሲበጠስ የሚሰፋ። የዛሬ ዓመት አንድ ሰኞ ቀን ቀኝ ጎኑን ይዞ ቀደም ብሎ ገባ። «ቁርጠት ነው፣ ያልፋል» አለ። ማክሰኞ ጉልበቱን ወደ ደረቱ አጥፎ ዋለ። ረቡዕ ጧት ላቡ አንሶላውን አርሶት ነበር፣ ግንባሩ ግን ይቀዘቅዛል። ቋጣሪዋ ከጎረቤት ጋሪ ለምና አስመጣች። ሐኪም ቤቱ ከድልድዩ ወዲያ ነው። ጫማዋን አጥልቃ፣ ማሰሪያውን አስራ፣ ብርድ ልብሱን በክንዷ ይዛ ስትመጣ አማቷ ከጓዳ ወጣች። ሌሊቱን በጉልበቷ ተንበርክካ ስላደረች ቀሚሷ ጉልበቱ ላይ ተጨማዶ ነበር።

«አትውሰጂው» አለቻት። «ነግሮኛል። ኢየሱስ ነግሮኛል፣ ይነሳል ብሎኛል።»

ቋጣሪዋም ያኔ የምታምን ሴት ነበረች። ጸሎቷ አጭር ነበር፤ ጧት መቀነቷን ስትታጠቅ «ጌታዬ፣ አብረኸኝ ዋል» ትላለች፣ ማታ ስትፈታ «አብረኸኝ ስለዋልክ ተባረክ» ትላለች። ከዚያ ያለፈ አታውቅም። አማቷን ግን ከሱ ጋር እንደ ጎረቤት የምታወራ ሴት አድርጋ ነበር የምታያት። እሷ ነግሮኛል ካለች ነግሯታል። ቋጣሪዋ ብርድ ልብሱን አስቀመጠች። አጎንብሳ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች። ጋሪው ባዶውን ተመለሰ።

ዓርብ ጧት ሞተ። በኋላ የመጣው ሐኪም ሆዱን በጣቱ ነካ አድርጎ «ረቡዕ አምጥታችሁት ቢሆን» አለና የጀመረውን ሳይጨርስ ቦርሳውን ዘጋ። ከቀብር መልስ መቀነቷን ስትፈታ ቋጣሪዋ ዝም አለች። ከዚያ ቀን ወዲህም ዝም እንዳለች ነበረች። ዋሽቶኛል፣ ትል ነበር በሆዷ። በአሮጊት አፍ ልኮ ዋሽቶኛል። ሰው ቢዋሸኝ በሱ ፊት እከሰው ነበር፤ እሱ ሲዋሸኝ ለማን ልክሰስ?

አሁን የምትከስበት ቀን መጣ። በሱ ላይ እጇ ባይደርስ በአሮጊቷ ላይ ይደርሳል።

ወደ አዳራሹ ስትገባ ጠምጣሚዋ ከክር ማጠንጠኛ መኪናዋ አጠገብ ሆና በከንፈሯ ብቻ «ነፍስ ናት፣ ተይ» አለቻት። ቋጣሪዋም በከንፈሯ «የኔውስ ምን ነበር?» አለችና አለፈች። በግድግዳው ጥግ ተሽሎክልካ ቁጢጥ አለች። አሮጊቷ በወዲያ በኩል ቆማ የመጀመሪያውን ክር ለይታ አቀበለቻት። ቋጣሪዋ ተቀበለች፣ አጣመረች፣ በአውራ ጣቷ ጠመዘዘች፣ ቋጠረች።

መቶ ያህል ከቋጠረች በኋላ ዓይኗን ቀስ ብላ አነሳች።

አሮጊቷ ወደ ክሩ አቀርቅራለች። የሚያየኝ የለም የሚል ሰው ፊት ነበራት። ይህች ልጅ ዓይኗን አንስታ እንደማታያት ታውቃለች፤ ከአዳራሹ ሁሉ ይልቅ እዚህ፣ በምትጠላት ሴት አፍንጫ ሥር ሆና ነበር እንደ ልቧ የምትናገረው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ቋጣሪዋ ማንበብ ጀመረች።

«ኢየሱስዬ፣ ዛሬም ያው ነኝ። ዛሬም ያንኑ ነው የምነግርህ፣ ከሰለቸህም ቻለው። አንተ አልነገርከኝም። ይነሳል አላልክም።»

የቋጣሪዋ ጣቶች ቀጥ አሉ። አሮጊቷ ክር ይዛ ስትጠብቅ ብታያቸው እንደምትነቃ ገብቷት እንደገና መቋጠር ጀመረች። እጇ በራሱ ይሠራል፣ ዓይኗ ከአሮጊቷ ከንፈር ላይ ነው።

«እኔ ነኝ ያልኩት። ሌሊቱን ሙሉ ለመንኩህ፣ አንተ ዝም አልክ። ሊነጋጋ ሲል ጋሪው ሲመጣ ሰማሁ። አባቱንም በጋሪ ነበር ከድልድዩ ወዲያ የወሰዱብኝ፣ በቃሬዛ ነው የመለሱልኝ። ልጄም እንደዚያ ሊሆንብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ፈርቼ በስምህ ዋሸሁ። ይቺ ልጅ ጫማዋን አስራ ቆማ ነበር። በስምህ አስፈታኋት። አሁን አንተን ትጠላለች፣ ቀና ብላ አታይህም። ያጠፋሁት እኔ፣ የተጠላኸው አንተ። ለሷ መናገር ያቅተኛል፤ ለአንተ ግን በየቀኑ እነግርሃለሁ፣ ቢያንስ አንተ ዘንድ ስምህ ንጹሕ እንዲሆን። አሁን ደግሞ...»

ክር ተበጠሰ። ቋጣሪዋ ሳታስበው ስባው ነበር። አጎንብሳ የተበጠሰውን ጫፍ ከእግሯ ሥር ፈልጋ እስክታነሳ ድረስ የአሮጊቷ ከንፈር ተገጥሟል። የምሳ ሰዓት ደርሶ ዋናው ሞተር ሲጠፋ ቺንጋዎቹ እያፏጩ ቆሙ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

ሊቀመንበሩ የኮሚቴውን ጸሐፊ አስከትሎ በሁለቱ ረድፎች መካከል መጣ። ካቦው ሠራተኛውን ሰበሰበ። ሴቶቹ ወደ ምሳ ዕቃቸው እያዩ፣ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ተጠጉ። አሮጊቷ መኪናዋን በአንድ እጇ ይዛ ቆመች።

«ጓዶች፣ ብዙ አላቆያችሁም። ጓድ ቋጣሪ የጓድ ከንፈሮን ከንፈር ለአንድ ሰዓት ያህል አይታለች። ያየችውን ትናገራለች።»

ቋጣሪዋ ከጥጉ ወጥታ ቆመች። አሮጊቷን አየቻት። ያቺን ሴት እንዲያ ጠልታት አታውቅም፤ እስከዛሬ የጠላቻት በከፊል ነበር፣ ግማሹን ጥላቻ ለሌላ አካፍላው ኖራለች። አሁን ሙሉው ለሷ ብቻ ተመለሰ። ደግሞ አንድ ነገር ታያት። ጥጥ እርሻው ውስጥ በሦስት ወር ትሞታለች። ሞታ ትገላገላለች። ያኔ ማንን ትጠይቃለች? እንዲህ በዋዛማ አትሄጂም፣ አለች በሆዷ። መጀመሪያ ለኔ ትመልሻለሽ።

«እኔን ነው የምትሰድበኝ» አለች።

«ምን?»

«ከንፈሯ የሚንቀሳቀሰው እኔን ለመስደብ ነው። ልጄን የበላሽ፣ መካን፣ ደረቅ፣ ትለኛለች። የዓመቱን ሁሉ ላምጣው?»

ከኋላ አንዷ ሳቀች። ጠምጣሚዋ ተቀብላ «እሱንማ የአማት ጸሎት ነው የሚባለው፤ እኔም ቤት አለ» አለችና ሁሉም ሳቀ። ካቦው ሳይቀር ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሁለቱ ሴቶች ዓይንና ናጫ መሆናቸውን የማያውቅ ስላልነበረ ነገሩ ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ጸሐፊው ወረቀቱን ወደ ሊቀመንበሩ ዘንበል አድርጎ ምን ልጻፍ በሚል ዓይን አየው።

«ውሸት ነው» አለች አሮጊቷ።

ሳቁ ቆመ።

«ይቺ ልጅ ትዋሻለች። ሰድቤያት አላውቅም። ስጸልይ ነበር።»

«ዝም ይበሉ እንጂ» አለች ቋጣሪዋ በጥርሶቿ መካከል።

«አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ፣ ያችው ትበቃኛለች። ስጸልይ ነበር፣ ጓድ። በየቀኑ እጸልያለሁ። ጻፈው።»

ሊቀመንበሩ የተጣለለትን ስጦታ ለማንሳት አልቸኮለም። እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ በጣቶቹ አዞረው። «እሷስ ራሷን ገለጠች፤ የጭነት መኪናው ከነገ ወዲያ ይወስዳታል። አንቺ ግን ጓድ ቋጣሪ፣ በሠራተኛው ፊት በሐሰት መስክረሻል። ይህም የሚያስወስድ ነው። ቢሆንም የተቀላቀለብሽ ነገር ይኖራል ብዬ አንድ ዕድል እሰጥሻለሁ። ምን ብላ ነው የጸለየችው? በኮሚቴው ላይ ከሆነ ጉዳዩ ከእርሻ ያልፋል። ቃል በቃል ተናገሪና ወደ ምሳሽ ሂጂ።»

ቋጣሪዋ ወደ አሮጊቷ ዞረች። «የምር እንድናገር ነው የፈለጉት?»

የአሮጊቷ ፊት አመድ መሰለ። የልጅቷ ዓይን ምን ላይ ሲያርፍ እንደነበር ገና አሁን ነው የገባት።

«ቃል በቃል ተብያለሁ» አለች ቋጣሪዋ። ድምጿ ተንቀጠቀጠ፤ የፈራች መስሏቸው ሴቶቹ አቀረቀሩ፣ ቁጣ ግን ነበር። «እንዲህ አለች። ኢየሱስዬ፣ ዛሬም ያው ነኝ።»

በሦስተኛው አዳራሽ ያን ስም ድምፅ አውጥቶ የጠራ ሰው ከሁለት ዓመት ወዲህ አልነበረም። በጸጥታው ውስጥ እስከ ጣሪያው ደረሰ።

«አንተ አልነገርከኝም፣ አለች። ይነሳል አላልክም። እኔ ነኝ ያልኩት። ፈርቼ በስምህ ዋሸሁ።» አንዱን ሳታስቀር ተናገረችው። ጋሪውን ተናገረች፣ ድልድዩን ተናገረች፣ ቃሬዛውን ተናገረች። አንዱን ዓረፍተ ነገር በተናገረች ቁጥር አሮጊቷ በጥፊ እንደተመታች ፊቷን ታዞራለች። ቋጣሪዋም እንዲመታት ፈልጋለች፤ እየመታት እንደሆነ አይታ አልራራችም። «ይቺ ልጅ ጫማዋን አስራ ቆማ ነበር። በስምህ አስፈታኋት። ያጠፋሁት እኔ፣ የተጠላኸው አንተ...»

«ይበቃል» አለ ሊቀመንበሩ። ስለ ኮሚቴው የተባለ ነገር አልሰማም። የሰማው ሌላ ነገር ነው፣ እሱም በራሱ ትእዛዝ፣ በሥራ ቦታ፣ በስልሳ ሰው ፊት። «ገብቶናል። ይበቃል አልኩ።»

«ቃል በቃል ብለኸኛል፣ ጓድ። ቁም ስማ።»

ጸሐፊው «ልጻፍ ወይስ ልተው?» ብሎ አንሾካሾከ። ጠምጣሚዋ ሻሿን ቀስ ብላ ወደ አፏ ሳበች፣ ከሷ ኋላ ሌላዋም ሳበች።

ቋጣሪዋ ግን ያየችው አልቆባት ነበር። ክሩ የተበጠሰው እዚህ ላይ ነው። «አሁን ደግሞ» የሚለው ቃል አፏ ላይ ቀርቶ ቆመች። እዚህ ላይ «በቃ፣ ይኸው ነው» ብትል ወደ ምሳዋ ትሄድ ነበር። ሊቀመንበሩ ራሱ በሩን ይከፍትላት ነበር። ዓመት ሙሉ የተጣላችው አንዲት ቃል ካልወጣው ከኢየሱስ ጋር እንደነበር ግን አሁን ታውቃለች፣ ዓመት ሙሉም በዚያው ቦታ ቆሞ ስድቧን ሲቀበል ነበር ማለት ነው። ይህም ቢሆን አላበረዳትም። ቀና አለች፤ ሊቀመንበሩን አላየችም፣ አሮጊቷንም አላየችም።

«አሁን ደግሞ እኔን ስማኝ» አለች። «እሺ፣ አልተናገርክም። ባልተናገርከው ሰድቤሃለሁ፣ እሱን ይቅር በለኝ። ግን ለምን አልተናገርክም? በስምህ ሲዋሽ እዚያው ቤት ነበርክ። ያስተማሩኝ እንደዚያ ነው፤ አብረኸኝ እንደምትውል። ጫማዬን ስፈታ እያየህ ነበር። አንዲት ቃል፣ ውሰጂው የምትል አንዲት ቃል ምን አደከመህ? እኔ እኮ ለሷ ጆሮ ብሰጥ አንተን ብዬ ነው። አሁን እኔንም ከሷ ጋር ጭነው ሊወስዱኝ ነው፣ ይውሰዱኝ። እዚያም ድረስ ይህንኑ እጠይቅሃለሁ። እስክትመልስልኝ አልተውህም...»

ሊቀመንበሩም ጸሐፊውም የቆመው ሠራተኛም፣ የአሮጊቷ ጸሎት የት እንዳለቀና የልጅቷ የት እንደጀመረ አላወቁም። የምታውቀው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። መኪናውን ለቅቃ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣች።

«ይሄን እኔ አላልኩም» አለች አሮጊቷ።

«ዝም ይበሉ» አለች ቋጣሪዋ ሳትዞር። «አልጨረስኩም።»